የበረዶ ሳጥን ውሃ ቢልጅ እንዳይገባ፦ ባለ 12 ቮልት ዳያፍራም ፓምፕ ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

ፓምፑ ተለጣጭ የጎማ ሽፋን (ዳያፍራም) ወዲህና ወዲያ እያለ ውሃ የሚስብ ነው። የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1979 በተሠራ ባለ 30 ጫማ የሸራ ጀልባ ላይ ሲሆን፣ ጀልባው የሚውለው በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ባለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ምግብ የሚያቆዩት በበረዶ ሳጥን ነው። የብዙዎቹ ሳጥን ማውጫ ቱቦ ደግሞ በቀጥታ ወደ ቢልጅ፣ ከወለሉ ሥር ወዳለው ዝቅተኛ ጉድጓድ ይወርዳል። 10 ኪሎ በረዶ 10 ሊትር ውሃ ነው፤ የበጋው ሙቀት ሲበረታ በሁለት ቀን ያልቃል። ንጹሕ ውሃ ቢሆን ባልከፋ። የፈሰሰ ወተት፣ የሥጋና የዓሣ ደም ይዞ ስለሚወርድ ግን በሦስተኛው ቀን ሽታው ካቢኑ ውስጥ አያስተኛም። ከሞተሩ ከሚንጠባጠበው ዘይት ጋር ሲገናኝ ውሃው ከፍ ሲል የቢልጅ ፓምፑን የሚያስነሣውን ተንሳፋፊ ማብሪያ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይፈጥራል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዘይት ያለበት ውሃ ወደ ባሕር መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ ተለቅ ያለ የቢልጅ ፓምፕ መግዛት ችግሩን አይነካውም፤ ውሃውን ገና ከሳጥኑ ማስቀረት ነው የሚያዋጣው። የሳጥኑን ቱቦ በቀጥታ ወደ ውጭ ማውጣትም አይሆንም። የሳጥኑ ግርጌ ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ውሃ ልክ በታች ስለሆነ ባሕሩ ተመልሶ ይገባል።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ከሳጥኑ ማውጫ እስከ ፓምፑ 1.5 ሜትር፣ ከፓምፑ እስከ ዕቃ ማጠቢያው 1 ሜትር፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ 19 ሚሊ ሜትር ቱቦ ገብቷል። ሽንሽን ቱቦ ቆሻሻ ይይዛል፣ ፍሰቱንም ይቀንሳል። የመውጫው አፍ ከማጠቢያው ጠርዝ በላይ ነው፤ ከማጠቢያው ማፍሰሻ ቱቦ ጋር የ«T» ቅርጽ ባለው ሦስት አፍ መገጣጠሚያ መቀጠል ጀልባው ሲያጋድል የባሕር ውሃ ወደ ፓምፑ ይመልሳል። ደግሞ የሚወጣውን በዓይን ማየት ይጠቅማል፦ መጀመሪያ ደፍረስ ያለ ውሃ፣ ቀጥሎ አረፋ፣ ከዚያ አየር ብቻ፤ ያኔ ይጠፋል። ማብሪያው በእጅ የሚጫን ነው። ሽቦው በቆርቆሮ የተለበጠ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ሲሆን መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ ከውሃ ከፍ ብለው ታስረዋል።

የፓምፑ መግለጫ በደቂቃ 14 ሊትር ይላል። በባልዲ ሲለካ 10 ሊትር ለማውጣት 52 ሰከንድ ወሰደ፣ ማለትም በደቂቃ 11.5 ሊትር ገደማ። ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከባትሪ የሚወስደውም ኢምንት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ለጥቂት ጊዜ ደረቁን ቢሠራም አለመቃጠሉ ነው።

ድክመቱ ቫልቮቹ ላይ ነው። እንደ ዳክዬ ምንቃር የተሠሩት ሁለት የጎማ ቫልቮች መሃል አንዲት የሩዝ ፍሬ ወይም ከጠርሙስ የተላጠ የወረቀት ቁራጭ ከገባች ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃ ግን አይመጣም። በ14 ወር ሦስት ጊዜ ሆኗል። ክዳኑን ፈቶ ቫልቮቹን በለብታ ውሃና በሳሙና ማጠብ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሲመለሱ ምንቃሩ የሚያመለክተው ውሃው ወደሚሄድበት ነው። የሳጥኑ ማውጫ ላይ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የአይዝጌ ብረት ወንፊት ከገባ ወዲህ አልተደገመም። ቫልቮቹ ንጹሕ ሆነው ውሃ ለመሳብ ከዘገየ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በመሳቢያው በኩል የላላ የቱቦ ማሰሪያ ነው፣ አየር ያስገባል።

ውሃውን ማውጣት ቅዝቃዜ ያባክናል የሚባለው ተጋኗል። ከዜሮ ወደ 5 ዲግሪ የሚሞቅ 10 ሊትር ውሃ የሚስበው ሙቀት 210 ኪሎ ጁል ገደማ ነው፤ ይህን 630 ግራም በረዶ ሲቀልጥ ይሸፍነዋል። ይልቅ የሚጎዳው ክፍት የማውጫ ቱቦ ነው፦ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ይፈስሳል። የፓምፑ ቫልቮች መንገዱን ስለሚዘጉ ይህም ቀርቷል።

ቢልጁ ሲደርቅ ሌላው ፍሳሽ ይጋለጣል። ከየት እንደሚመጣ ካጠራጠረ ሳጥኑ ውስጥ ሰማያዊ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጎ ማደር ነው። ጠዋት ቢልጁ ሰማያዊ ከሆነ ሳጥኑ ራሱ ወይም ቱቦው ያፈስሳል፤ ካልሆነ የፕሮፔለሩ ዘንግ መውጫና ዝናብ የሚወርድበት የምሰሶው እግር ይታዩ። ዋናው የቢልጅ ፓምፕ በየደቂቃው እየበራ የሚጠፋ ከሆነም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ መመለሱ ነው፤ 25 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ 1 ሊትር ያህል ይይዛል። እዚያ ላይ የማይመልስ ቫልቭ መግጠም አደገኛ ነው፤ ተጣብቆ ከቀረ ጀልባው ውሃ ሲያስገባ ፓምፑ አያወጣም። ተንሳፋፊውን ማብሪያ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ የተረፈውን በስፖንጅ ማንሳት ይሻላል።

ቼሳፒክ ሲበርድ ፓምፑ ውስጥ የቀረ ውሃ ይረጋና ክዳኑን ይሰነጥቃል። ከኅዳር በፊት ሮዝማው የፕሮፒሊን ግላይኮል ፀረ በረዶ ከማጠቢያው በኩል ሮዝ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይሳብበት። የመኪናው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ስለሆነ ምግብ የሚቀመጥበት ሳጥን አጠገብ አይቅረብ።