ርካሹ የጄል ኤሌክትሮፎረሲስ መሣሪያ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አነስተኛ የቁም ጄል ኤሌክትሮፎረሲስ መሣሪያ (ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ጄል ውስጥ እያስኬደ በክብደት የሚለይ) ከኃይል ሰጪው ጋር ገዝተን አራት ኪሎ ባለችው ጠባብ ቤተ ሙከራችን ካስቀመጥነው ክረምትም በጋም አልፎበታል። ዋጋው ከታወቁት ማርካዎች በብዙ ያንሳል። ለዚህም ይመስለኛል፣ ሊገዙ የሚያስቡ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ገንዳው ያፈስ እንደሆነ ነው። አያፈስም። መቆንጠጫው አጥብቆ ይይዛል፣ የፕላቲነም ሽቦውም እንደ አዲስ ነው። የሚያስቸግረው ጄሉ እስኪረጋ ድረስ የመስታወት ሰሌዳዎቹ የሚቆሙበት የጎማ ንጣፍ ነው፤ እየደረቀ ሲሄድ ፈሳሹ በሥሩ መንጠባጠብ ይጀምራል። ጄሉ የሚሠራበት አክሪላማይድ ሳይረጋ የነርቭ መርዝ ስለሆነ ነገሩ እንደ ተራ መፍሰስ አይታይም። መለዋወጫ ንጣፍ አብራችሁ እዘዙ። በሐምሌ ብርድ ደግሞ አክሪላማይዱ ለመርጋት ይለግማል፤ መታገሥ ነው።

መብራት ሲጠፋ ኃይል ሰጪው የነበረበትን አያስታውስም፤ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል። ጄሉ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ግን እስከዚያው ይሰራጫሉ፣ ተለይተው የሚሠሯቸው መስመሮችም ይደበዝዛሉ። ደግነቱ መሣሪያው ብዙ ኃይል አይበላም። ሁለት ጄል በ150 ቮልት ሲሄድ ጅረቱ ከ100 ሚሊአምፔር ስለማይበልጥ ከ15 ዋት በታች ነው፤ ለኮምፒውተር የሚሸጠው የመጠባበቂያ ባትሪ ሥራውን በምቾት ያስጨርሳል።

ሌላው የከተማችን ጉዳይ ከፍታው ነው። መመሪያው ናሙናውን በ95 ዲግሪ ለ5 ደቂቃ አሙቁ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደረቅ ማሞቂያውን 95 ላይ ብታደርጉት ናሙናው ይፈላና የቱቦውን ክዳን አስፈንጥሮ ይከፍተዋል። እኛ 90 ላይ አድርገን ጥቂት ደቂቃ እንጨምራለን፤ በውጤቱ ላይ ያየነው ልዩነት የለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን በፍራፍሬ ፕሮቲን ላይ ለሚሠራ ሰው ትንሹ ጣጣ ነው። ማንጎ በ100 ግራም ውስጥ 1 ግራም እንኳ ፕሮቲን የለውም፤ ሙዝ ወደ 1፣ አቮካዶ ወደ 2 ግራም ነው። የቀረው ውሃ፣ ስኳር፣ ፔክቲን፣ አሲድና ፖሊፌኖል ነው፤ በአቮካዶ ላይ ስቡ ይጨመራል። ሙዝ ሲላጥ የሚጠቁረው ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ፖሊፌኖሎቹን ወደ ኪኖን ስለሚለውጣቸው ነው። ኪኖኖቹ ደግሞ ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃሉ። እንዲህ ያለውን ጭማቂ በቀጥታ ጄል ላይ የጫነ ሰው የሚያገኘው ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ቡናማ ጭረት ነው፤ ጥፋቱንም መሣሪያው ላይ ያላክካል። ያልበሰለ ፓፓያ ከዚህም ይብሳል፤ ወተቱ ውስጥ ያለው ፓፓይን የሚባል ኢንዛይም ሌሎቹን ፕሮቲኖች ይቆራርጣቸዋል።

ፕሮቲኑን ከዚህ ሁሉ ለማጥራት ፍቱን ሆኖ ያገኘነው ፌኖል በሚባል ኬሚካል የማውጣት ዘዴ ነው። የፍሬው ሥጋ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ካልተገኘም በደንብ ቀዝቅዞ ይፈጫል። ፕሮቲኑ ወደ ፌኖሉ ይገባል፤ ስኳሩና አብዛኛው ፔክቲን ውሃው ውስጥ ይቀራሉ። ከዚያ አሞኒየም አሲቴት ባለበት ቀዝቃዛ ሜታኖል ፕሮቲኑ እንዲዘቅጥ ይደረጋል። አድካሚ ነው፣ ይሸታል፣ ቆዳም ያቃጥላል። በትሪክሎሮአሴቲክ አሲድና በአሴቶን ማዝቀጡ ይፈጥናል፤ ፔክቲን በበዛበት ፍሬ ላይ ግን እንደ ፌኖሉ አያጠራም። የፕሮቲኑን መጠን በቀለም ለመለካት ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የብራድፎርድ ዘዴ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የተረፈ ፖሊፌኖልም ሆነ ኤስዲኤስ (ፕሮቲኑን ለጄሉ የሚያዘጋጀው ሳሙና መሰል ኬሚካል) ንባቡን ስለሚያዛባው ናሙናው ሳይታጠብ የተገኘ ቁጥር አላምንም።

ስለዚህ ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ይህን ርካሽ መሣሪያ ግዙና የተረፈውን የሚያቀዘቅዝ ሴንትሪፊዩጅ (ናሙናን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚያዘቅጥ መሣሪያ) ላይ አውሉት። ናሙናው ንጹሕ ሲሆን ይህ ገንዳ የሚያወጣቸው መስመሮች ውድ በሆነው የጎረቤት ቤተ ሙከራ ገንዳ ከሚወጡት አያንሱም። ጄሉ አጭር በመሆኑ በክብደት የሚቀራረቡ ፕሮቲኖችን ለመለየት ግን አይበቃም፤ ፕሮቲኖችን መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ሙላት፣ ቀጥሎ በክብደት ለመለየት ያሰበ ሰው ሌላ መሣሪያ ይፈልግ።