ማንጎውን ለከሰል ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ባለመጋዝ ጥሩት

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ የጓሮ ዛፍ ልታስቆርጡ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ምስጋናዬንም በዚሁ ልግለጽ፤ ፊት ለፊት ሳመሰግነው "ሥራዬ ነው" ብሎ ሰንሰለቱን መሞረዱን ቀጠለ።

እናቴ በዘጌ መንገድ በኩል አባቴ የተከላቸው ስድስት ያረጁ ማንጎዎች ነበሯት። ያ ነጭ ተባይ (እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ ታይቶ ወደኛም የዘለቀው) ከያዛቸው ወዲህ ፍሬያቸው ገበያ አይወጣም። ቦታውን ለቡና ችግኝ ልናውለው ወሰንን። አንድ የከሰል ነጋዴ ዞር ዞር ብሎ አየና "በሽታ የመታው እንጨት ነው፣ ከነቅርንጫፉ በ8,000 ብር ልገላግላችሁ" አለን። እውነቱን ለመናገር እሺ ልንል ምንም አልቀረንም።

ጎረቤታችን ባለመጋዙን ይዞት መጣ። ገና ከመግባቱ "እትየ፣ ተባዩ የሚጠባው ቅጠሉንና ፍሬውን ነው፣ ግንዱ ምን አጠፋ?" አላት። ከዚያ እያንዳንዱን ግንድ በመጥረቢያ ጀርባ እየመታ አዳመጠ። ሁለቱ ውስጣቸው ቦርቡሯል፣ ማገዶ ናቸው። አራቱ ደህና ናቸው። ሞተሩን ሳያስነሳ ግን የመቁረጫ ፈቃድ ጠየቀን፤ አልነበረንም፤ ወደ ቀበሌው ግብርና ላከንና ወረቀቱን እስክናመጣ ሌላ ሥራ ሄደ።

ሲጥላቸው በሜትር ለካ፦ ውፍረት 60 ሳንቲ፣ ርዝመት 2 ሜትር ከ40። አንዱ 0.68 ሜትር ኩብ፣ አራቱ 2.7 ገደማ። "ግማሹ ቅርፊትና ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል፣ ሻጭ ሆናችሁ ስትደራደሩ ይህን እወቁ" አለን። ነጋዴው ይህን ሒሳብ አያውቅም ብዬ አላምንም። ማንጎ ከነቅርፊቱ ተጋድሞ ከከረመ ይጠቁራል፣ ነቀዝም ይገባበታል፤ ስለዚህ በዚያው ሳምንት ሰነጠቀውና ጣውላውን በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ ጥላ ሥር ደረደረው። አንዱ ግንድ ውስጥ አባቴ ልብስ ማስጫ ገመድ ያሰረበት ምስማር ተገኘ፤ ሰንሰለቱን በላው። አላስከፈለንም፣ እኛ ነን ያፈርነው።

ጣውላውን የቤት ዕቃ ሠሪ በ28,000 ወሰደው፣ ማገዶው 6,500 ወጣለት። ለመቁረጫና ለመሰንጠቂያ 9,000 ከፍለን 25,500 ብር ቀረልን። ማገዶውን ለሚገዙትም "ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ እንጀራ አትጋግሩበት" ብሎ ራሱ ነገራቸው፤ ይህን ሲል እናቴ በክርን ጎሸም አደረገችኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የዋንዛው ነገር ነው። እግረ መንገዱን አጥር ጥግ ያለውንም እንዲጥልልን ጠይቀነው ነበር። ዋንዛ ደግሞ ከማንጎ ይልቅ ይሸጣል፣ የእሱም ክፍያ ከፍ ይላል። "ቡና ልትተክሉ አይደል? ጥላ ከየት ልታመጡ ነው?" ብሎ እንቢ አለ።

ጉድለቱን ልደብቅ አልችልም፤ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ዘግይቶ መጣ፣ ሰጋቱራውንም ጠርጎ አይሄድም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉለት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ቀን ላይ መጋዙ እየጮኸ አይሰማችሁም።