ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ልትመዘገቡ ነው? ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ እስከ ታች አንብቡት

የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም ነገ ሌላ ታፔላ ሰቅሎ ይመጣል። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። የንግድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ላይ ጋውን የለበሱ ሰዎች ፎቶ፣ በሩ ላይ «ምዝገባ ላይ ነን» የሚል ባነር፣ ውስጥ ደግሞ ውኃ አቅርባ «እህቴ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው እስካሁን ማስተርስ አለመያዝዎ ያሳዝናል» የምትል ልጅ።

የባልደረባችን ፋይል የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነው። ባንክ ለምትሠሩ አዲስ አይደለም፤ ዕድገት ሲመጣ የሰው ኃይል ክፍል ዲግሪውን ኮፒ አድርጎ አያልፍም፣ ትክክለኛነቱ እንዲረጋገጥ ይልካል። የመጣው መልስ አጭር ነው። ኮሌጁ የኤምቢኤ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ግን የዋናው ካምፓስ ነው። እሷ የተማረችበት ቅርንጫፍ በተመዘገበችበት ጊዜ ለዚህ ፕሮግራም ፈቃድ አልነበረውም። የሁለት ዓመት የማታ ትምህርት፣ ቲሲሱ፣ ዲፌንሱ፣ የምረቃው ድግስ፣ ሁሉም ውኃ በላው።

ከሰዓት አብረናት ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ቆምን። ሰውዬው ደብዳቤውን በአንድ ዓይኑ አየና «ያኔ ፈቃዱ በሂደት ላይ ነበር» አለ። ታዲያ ለምን እውቅና አለን አላችሁኝ ስትለው፣ በእስክሪብቶው ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ያው ተሰቅሎልሽ የለ! ማስተርስ ተምረሽ አንዲት ወረቀት ማንበብ ያቅትሻል?» ከጀርባው የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሳቁ።

ፈቃዱ ከፋይል ሼልፉ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ነው የተሰቀለው። ቆሞ ማንበብ አይቻልም፤ በስልክ ካሜራ አጉልተን አየነው። የኮሌጁ ስም በትልቁ፣ ቀጥሎ የፕሮግራሙ ስም፣ ከታች ማኅተሙ ግማሹን የሸፈነው መስመር ላይ የካምፓሱ ስም። ሌላ ክፍለ ከተማ! በምዝገባው ቀን ወደዚያው መስታወት ጣት ተቀስሮ «እውቅናችን ይኸውና» ተብሎ ነው ብሩ የተቆጠረው።

በዚህም አላበቃም። «መፍትሔ አለው፣ ፋይልሽን ወደ ዋናው ካምፓስ እናዛውረዋለን፤ የዝውውሩን ካሸር ጋ ክፈዪ» አላት። የሌለውን ሸጦ፣ እግሯ ባልረገጠው ካምፓስ ተምራለች ብሎ ለመጻፍ ሌላ ብር! ስሟ በዋናው ካምፓስ የዚያ ዓመት ተመዝጋቢዎች ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ያ ወረቀት ከፎርጅድ በምን ይለያል? እንዲህ ያለ «መፍትሔ» የተቀበለ ሰው ከተበዳይነት ወደ ተጠያቂነት ይሻገራል።

አሠራሩን የማያውቅ ካለ፣ ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፣ የቀድሞው ሄርቋ። የሚሰጠውም ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን በፕሮግራም፣ በካምፓስና በአሰጣጥ ዘዴ ተለይቶ ነው። የአካውንቲንግ ማስተርስ ፈቃድ ለኤምቢኤ አይሆንም፣ የአንዱ ቅርንጫፍ ለሌላው አይሆንም፣ የመደበኛው ለርቀት አይሆንም። የጊዜ ገደብም አለው። በ2017 ዓ.ም. በግል ተቋማት ዳግም ምዝገባ ያላለፉ ስላሉ የድሮ ወረቀት አይበቃም። «ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር» የሚባለውም ያው ነው፤ እዚህ ለማስተማር እዚህ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሌላው ወጥመድ መግቢያው ላይ ነው። የአገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሳታልፉ «ግቡ፣ በኋላ ትፈተናላችሁ» ከተባላችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመጀመሪያ ዲግሪ የጨረሰ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ አለበት። ከቴክኒክና ሙያ ተነሥታችሁ ዲግሪ የያዛችሁ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማስረጃችሁን ቀድማችሁ አስመርምሩ፤ ከሥር የተበላሸ ፋይል ከላይ በማስተርስ አይድንም።

ዋጋውን ሲነግሯችሁም የክሬዲቱን ብቻ ነው። ክሬዲቱ 2 ሺህ ብር ነው ቢሏችሁ፣ 36 ክሬዲት 72 ሺህ መሆኑን ታሰላላችሁ። በየሴሚስተሩ የምዝገባ፣ የአድቫይዘር፣ የዲፌንስ፣ የጋውን፣ የቴምፖ (የጊዜያዊ ዲግሪ ወረቀት)፣ የኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን እዚያ ውስጥ የለም። ቲሲሱ አንድ ሴሚስተር ካለፈ ደግሞ የማራዘሚያ አለ፤ አድቫይዘሩ ስልክ ባለማንሳቱ የዘገየውንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ከዚያ በፊት ግን ኤምቢኤው ራሱ ያስፈልጋችኋል ወይ? የመሥሪያ ቤታችሁን የዕድገት መመሪያ አውጥታችሁ እዩ። ብዙ ቦታ ማስተርስ የሚያደርገው ከሚጠየቀው የሥራ ልምድ ላይ ዓመት መቀነስ ነው። መደቡ «የመጀመሪያ ዲግሪና 8 ዓመት፣ ወይም ማስተርስና 6 ዓመት» የሚል ከሆነ፣ 8 ዓመቱን ለጨረሰ ሰው ወረቀቱ ለዚያ መደብ ምንም አይጨምርለትም። በኢንጂነሪንግ ወይም በጤና ተመርቆ ወደ አስተዳደር ለሚሻገር ይጠቅማል፣ አልክድም። ማኔጅመንት ተምሮ እዚያው መደብ ላይ ለተቀመጠ ግን አብዛኛው ኮርስ የዲግሪው ድጋሚ ነው። ለሂሳብ ባለሙያ እኔ ብሆን ኤሲሲኤን፣ ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫ፣ አስቀድማለሁ።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት የፈቃዱን ፎቶ አንሡ፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይዛችሁ ባለሥልጣኑ ጋ ሄዳችሁ «ለዚህ ካምፓስ፣ ለዚህ ፕሮግራም፣ ለማታው ጭምር ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፎቶ አታነሡም ካሏችሁ መልሱን አገኛችሁ። ደረሰኝ ላይም የካምፓሱ ስም ይጻፍ። የእሷ ደረሰኞች ሁሉም የቅርንጫፉ ስም ስላለባቸው ነገ ጠዋት ከአቤቱታው ጋር ይገባሉ። አራተኛ ፎቅ ስል የገባችሁ፣ እዚያው የተማራችሁ ካላችሁ፣ ለዝውውር የሚባለውን ሳትከፍሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አቤቱታው በቡድን ቢገባ ይሻላል።