በ18ኛው ጉድጓድ ያነገሠኝ፣ በ19ኛው ያዋረደኝ ሳንድ ዌጅ

ይህን ሳንድ ዌጅ፣ ማለትም ኳስን ከአሸዋ የሚያወጣ የጎልፍ ዱላ፣ ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለሱ አንድ መስመር እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዱላ ያው ዱላ ነው። ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፣ ኳስ አሸዋ ውስጥ ስትገባ ይወጣል፣ ኳሷ አልወጣም ካለች ይሰደባል፣ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ የክለባችን የእርስ በርስ ግጥሚያ መጣና ይኸው ዱላ በሃያ ደቂቃ ልዩነት ከመታኋቸው ምቶች ሁሉ ምርጡንም አሳፋሪውንም አስመታኝ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የአምራቹን ስም አልጠራም። ዱላው ላይ የተቀረጹትን ሁለት ቁጥሮች ግን እነግራችኋለሁ፤ ከስሙ የበለጠ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። 56 እና 14።

56ቱ ሎፍት ነው። የዱላው ፊት ስንት ዲግሪ ወደ ኋላ እንደተጋደመ ይናገራል። ሰው ሲገዛ የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው፣ እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። 14ቱን ሻጩም አላስረዳኝ፣ እኔም ጉዳዬ አላልኩት። ለካ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው!

ባውንስ ይባላል። ዱላውን መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስታቆሙት የፊት ጠርዙ መሬቱን አይነካም፣ ቀድሞ የሚያርፈው ሆዱ ነው። ጠርዙ ከሆዱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚለካው በዚህ ቁጥር ነው። 4 እና 6 ዝቅተኛ ይባላሉ፣ 10 አካባቢ መካከለኛ ነው፣ 14 ደግሞ ቦርጫም ነው። ቦርጩ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። አሸዋ ስትመቱ ስለት ያለው ጠርዝ እንደ አካፋ ገብቶ ይቀበራል፤ ቦርጫሙ ግን እንደ ጀልባ አሸዋውን እየገፋ ተንሸራቶ ያልፋል። ለዘመናዊው ሳንድ ዌጅ ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው ጂን ሳራዘን ነው። ራሱ ሲተርክ እንደነበረው፣ አውሮፕላን ሲነሳ ጅራቱ ዝቅ ሲል አፍንጫው ቀና ማለቱን አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ሄዶ ዱላው ሥር ብረት በየደበትና እ.ኤ.አ. በ1932 ያንኑ ይዞ ዘ ኦፕን የተባለውን ትልቅ የጎልፍ ውድድር አሸነፈ። እኔ ደግሞ የዚያን ሰውዬ የልጅ ልጅ የሚሆን ዱላ ይዤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዱ ለምን እንደወፈረ አላውቅም ነበር።

ወደ ግጥሚያው ልምጣ።

ማች ፕሌይ ነው የተጫወትነው። አጠቃላይ ምት አይቆጠርም፤ በየጉድጓዱ ያነሰ ምት የመታ ያንን ጉድጓድ ይወስዳል። ተጋጣሚዬ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ፣ ኳስ ሲመቱ ምንም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሀንዲካፓቸው (የችሎታ መለኪያ ቁጥር ነው፣ ደካማው ከፍ ያለውን ይይዛል) ከኔ ከፍ ያለ ስለሆነ ከባድ በሚባሉት ጉድጓዶች ላይ አንድ አንድ ምት ይቀነስላቸዋል። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች። 17 ጉድጓድ ተጫውተን እኩል ነን። የቀረው 18ኛው ብቻ ነው፣ ፓር 4፣ ማለትም ጎበዝ በአራት ምት ይጨርሰዋል የሚባል።

ሁለተኛው ምቴ ወደ ቀኝ ሄደና ኳሷ ግሪኑ (ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ አጥሮ የተቆረጠው ሜዳ) ዳር ያለው ባንከር፣ የአሸዋው ወጥመድ፣ ውስጥ ገባች። ሄጄ ሳያት አልተቀበረችም፣ እግዜር ይስጣት፣ አሸዋው ላይ ቂብ ብላለች። ከፊቴ ግን ጉልበቴን የሚያህል ግንብ አለ፣ ከግንቡ ወዲያ 15 ሜትር ያህል ርቆ ባንዲራው ይታያል። እሳቸው በሦስተኛ ምታቸው ግሪን ላይ ደርሰዋል። ከጉድጓዱ ቢርቃቸው ሁለት ሜትር ነው።

ባንከር ውስጥ ከመምታታችሁ በፊት ዱላችሁን አሸዋው ላይ አሳርፋችሁ መለካት፣ እዚያው ነካ ነካ እያደረጉ መለማመድ ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ዱላውን አየር ላይ አንጠልጥላችሁ መቆም ነው። የእጃችሁ መንቀጥቀጥ ደግሞ ዱላው ጫፍ ላይ ሲደርስ በአሥር እጥፍ ይታያል። እግሬን አሸዋው ውስጥ ቀበር ቀበር አደረግሁ፣ የዱላውን ፊት ወደ ሰማይ ከፈትኩት፣ ዓይኔን ኳሷ ላይ ሳይሆን ከኳሷ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ያለች አንዲት ቡናማ ቅንጣት ላይ ተከልኩ። እዚህ ምት ላይ ኳሷን ዱላው አይነካትም። ዱላው አሸዋውን ይመታል፣ አሸዋው ኳሷን ተሸክሞ ያወጣታል። ይህን ጭንቅላቴ ያውቀዋል፤ እጄ ግን ሁሌም ይጠራጠርና መሃል ላይ ፍሬን ይይዛል። የዚያን ቀን አልያዘም። ለምን እንዳልያዘ አትጠይቁኝ።

“ፑፍ” የሚል ድምፅ ነው የሰማሁት። ደረቅ ትራስ በቡጢ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። ዱላው ተይዞ አልቀረም፣ አልጎተተኝም፣ ቅቤ ላይ እንዳለፈ ቢላ ተንሸራቶ ወጣ። አፌ በአሸዋ ተሞላ። ኳሷ ግንቡን አልፋ ግሪኑ ላይ አረፈች፣ አንዴ ነጠረች፣ ከዚያ ወደ ግራ እየታጠፈች መንከባለል ጀመረች። ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች ሄዳ የባንዲራውን እንጨት “ቀጭ” አደረገችና ጠፋች። ጉድጓዱ እኮ ስፋቱ 108 ሚሊሜትር ብቻ ነው! ከባንከር በቀጥታ አግብቼ የማላውቅ ሰው፣ በሦስት ምት ጨረስኩ። ዱላውን ወደ ላይ ወረወርኩት፣ ጮህኩ፣ ባንከሩ ውስጥ እንደ ልጅ ዘለልኩ፣ ዳር ቆመው የነበሩት ሰዎች አጨበጨቡ። አሸነፍኩ!

እሳቸው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ። “ጎበዝ ልጄ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አላየሁም” አሉኝ። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ “እዚህ ግን እኔ አንድ ምት አለኝ አይደል?”

አዎ፣ አንድ ምት አላቸው። ከባድ ከሚባሉት ጉድጓዶች አንዱ 18ኛው ነው፤ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ጎንበስ ብለው ሁለት ሜትሯን በፑተራቸው፣ በማንከባለያ ዱላቸው፣ ጠቅ አደረጓት፣ ገባች። አራት ሲቀነስ አንድ፣ ሦስት። እኩል። አሸዋዬን እያራገፍኩ ከባንከሩ ወጣሁ፣ ግጥሚያውም ወደ 19ኛ ጉድጓድ ሄደ። 19ኛ ማለት ወደ መጀመሪያው ተመልሶ አንዱ እስኪያሸንፍ መቀጠል ነው።

አሁን የዱላውን ሌላ ፊት ላሳያችሁ።

እዚያ ላይ ኳሴ ግሪኑን በትንሹ ስታ ከግራ በኩል አረፈች። ሣሩ አልቆ አፈሩ የጠጠረበት፣ ሰው የሚመላለስበት ቦታ ነው። ባንዲራው አሥር እርምጃ ቢርቅ ነው። ስምንት ቁጥር አይረን ወይም ፑተር አንስቼ ዝም ብዬ ማንከባለል ነበረብኝ። ግን ከሃያ ደቂቃ በፊት ተአምር የሠራ ዱላ እጄ ላይ እያለ ማን ሌላ ያነሳል? መታሁ። ቦርጫሙ ሆድ ደረቁን መሬት መታና ነጠረ፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ ኳሷን ወገቧ ላይ አገኛት። “ጣ!” ኳሷ ግሪኑን ሳትነካ አቋርጣ ማዶ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። እሳቸው ተረጋግተው በሁለት ፑት ጨረሱ። ኮፍያዬን አውልቄ ጨበጥኳቸው።

እንግዲህ ዱላው ጥፋተኛ ነው? በኔ እምነት አይደለም። የተሠራበትን ሥራ ሠራ፣ እኔ ያልተሠራበት ቦታ ወሰድኩት። 14 ዲግሪ ለለስላሳ፣ ለዱቄት መሰል አሸዋና ለወፍራም ሣር ነው። ዱላን ከላይ ወደ ታች እንደ መጥረቢያ የሚያወርዱ፣ መሬት የሚቆፍሩ ሰዎች ካላችሁ (እኔ አንዱ ነኝ) ይታደጋችኋል። የምትጫወቱበት ሜዳ ደረቅና ጠጣር ከሆነ ግን፣ ወይም ባንከሩ ውስጥ ያለው አሸዋ ስስ ሆኖ ሥሩ አፈር ከሆነ፣ አትግዙት። ዱላው የሚነጥርባችሁ እዚያ ነው። አንድ ዌጅ ብቻ የሚይዝ ሰው 10 አካባቢ ያለውን ቢወስድ በሁለቱም በኩል ብዙ አይጎዳም። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ የዱላውን ፊት በከፈታችሁት ቁጥር ባውንሱ ይጨምራል፣ ስለዚህ ደረቅ መሬት ላይ ከፍቶ መምታት የኔን ውርደት መድገም ነው።

ስለ ሌላው ብዙ የምለው የለኝም። ጭንቅላቱ ከበድ ይላል፣ ወድጄዋለሁ፤ አሸዋ ውስጥ በራሱ ክብደት ስለሚሄድ እጅ ብዙ መግፋት አይጠበቅበትም። መያዣው ላስቲክ በዓመቱ አንሸራተተኝ፣ አስቀየርኩት። ፊቱ ላይ ያሉት መስመሮች እስካሁን ደህና ናቸው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው የማጸዳቸው። አንጸባራቂነቱ ግን አያምረኝም፣ ፀሐይ ሲመታው ዓይን ይወጋል።

ስትገዙ ቁጥሩን ብቻ አንብባችሁ አትመኑ። ዱላውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አቁሙትና ጎንበስ ብላችሁ ከፊት ጠርዙ ሥር ያለውን ክፍተት በዓይናችሁ እዩ። ሰው ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ለዚያ አንጸባራቂ ፊቱ ነው፤ የ19ኛውን ዕዳ እኔው ችያለሁ።

ከግጥሚያው በኋላ ቁጭ ብለን ሳለን አዛውንቱን “የእርስዎ ዌጅ ባውንሱ ስንት ነው?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ከቦርሳቸው አውጥተው ገለበጡት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። ቁጥሩ ከመበላቱ የተነሳ ጠፍቷል።