ራስቤሪ ፓይ 4 ከክራር ጋር፦ የ11 ወር ልምዴ

«ልጄ፣ ብርሃኑ ከኋላዬ ነው የሚመጣው።»

ይህን ያሉኝ ክራር የሚጫወቱልኝ ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ ላይ ነበርን። እሳቸው ክሩን ሲመቱ ግድግዳው ላይ የብርሃን ክብ ይፈነዳል። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ መትቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው እሱ የሚነቃው» አሉኝ። ያኔ አልገባኝም። ዛሬ የክራሩን ድምፅ ሰምታ ብርሃኑን ስለምትሠራው ትንሽ ኮምፒውተር ልጽፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ንግግራቸው ነው። 11 ወር ሙሉ የለፋሁት እጃቸውና ብርሃኑ እኩል እንዲደርሱ ነው።

ያለችኝ የ4 ጊጋባይቷ ራስቤሪ ፓይ 4 ናት። መጠኗ ከባንክ ካርድ ብዙም አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 ስትወጣ ዋጋዋ 55 ዶላር ነበር። የኔን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ላፕቶፕ ነበረኝ። ግን ላፕቶፔ የሥራም፣ የፊልምም፣ የቤተሰብ ፎቶም ማስቀመጫ ነው። መድረክ ላይ ይዤው ስወጣ እጨነቃለሁ። አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ፣ ስትበራ በቀጥታ ወደ ክራሩ የምትገባ ማሽን ፈለግሁ።

ውስጧ የሚሠራው ፒዩር ዳታ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ሚለር ፓኬት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጀመረው ነው። ትንንሽ ሣጥኖችን ስክሪን ላይ ትደረድሩና በመስመር ታገናኟቸዋላችሁ። ድምፅ በአንዱ ይገባል፣ ቁጥር ሆኖ በሌላው ይወጣል። ምስሉን የሚሠራው ጄም የተባለው ተጨማሪ ክፍሉ ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሥራዬ በሙሉ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ስልኬም ላይ፣ ፍላሼም ላይ ኮፒ አለኝ።

ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ይወቅ፤ ይህች ማሽን ድምፅ ማስገቢያ የላትም። ያለችው ክብ ቀዳዳ ማውጫ ብቻ ናት። ስለዚህ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግድ ነው። ብርሃኑን በእጄ የማስተካክልበትን የሚዞር ቮልዩምም በቀጥታ አታነብም። ፒኖቿ፣ ማለትም ሽቦ የሚገናኝባቸው ትንንሽ የብረት እግሮቿ፣ የሚያውቁት በርቷል ወይም ጠፍቷል ብቻ ነው። እኔ ኤምሲፒ 3008 የሚባል ቺፕ መሃል ላይ አስገባሁ። 8 ቮልዩም ያነባል፣ እያንዳንዱን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ይነግራታል። ቮልዩሞቹን ምናለሽ ተራ ከገዛሁት የተበላሸ ቴፕ ፈታኋቸው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ተማርኩ። የድምፅ ቮልዩም ሲሠራ ለጆሮ ተብሎ ነው። ግማሽ ብታዞሩት ግማሽ አይሰጥም፤ መጀመሪያ ላይ ይተኛል፣ መጨረሻ ላይ ይሮጣል። ብርሃን ለመቆጣጠር ይህ አይመችም። ፒዩር ዳታ ውስጥ በስሌት አስተካከልኩት። ቆሻሻ የያዙት ደግሞ ምስሉን ያንቀጠቅጡት ስለነበር በአልኮል አጠብኳቸው። አሁን ሁሉም በአንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

የክራሩን ድምፅ ስለምትይዘው ፒዞ ግን ትንሽ ልቆይ፤ የሥራው ነፍስ እሷ ናት። ፒዞ ማለት ስትከፈት የምትዘምረው የልደት ካርድ ውስጥ ያለችው ስስ የነሐስ ክብ ናት። የኔዋ 27 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች። ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጣለች፤ ስለዚህ የአዳራሹን ጫጫታ ሳይሆን የክራሩን አካል ነው የምትሰማው። በቀጥታ ሳውንድ ካርዱ ላይ ስሰካት ድምፁ ቀጠነ፣ ወፍራሙ ክር ጠፋ። ፒዞ የምትሰካበት መግቢያ ብዙ የሚጎትታት ከሆነ ወፍራሙን ድምፅ ትነፍጋችኋለች። አንድ ትራንዚስተር ያለው ማጉያ በየድኩና መሃል ላይ አስገባሁት። ወፍራሙ ክር ተመለሰ።

ቀጥሎ የት ትለጠፍ የሚለው መጣ። ጋሼ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጡኝ። «ክራሬን ሙጫ አይነካትም።» ስለዚህ ከጧፍ ሰም ቆርሼ በጣቴ አሙቄ ለጠፍኳት። ሰም ሲፈለግ ይነሳል፣ ምልክት አይተውም፣ ንዝረት ግን በደንብ ያሳልፋል። ቆዳው መሃል ላይ ስትሆን የጣት መፋተግ ሁሉ ይሰማል። ገበቴው ጀርባ ላይ ስትሆን ድምፁ ይታፈናል። ጥሩ ቦታዋ ቆዳው ላይ፣ ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት እግር አጠገብ ነው። ይህን ለማግኘት ሦስት ከሰዓት ፈጅቶብናል።

አሁን ወደ ጋሼ አቤቱታ ልመለስ።

ፒዩር ዳታ ውስጥ ሲግመንድ የሚባል ሣጥን አለ። የትኛው ድምፅ እንደተመታ ይለያል። ግን ለመለየት ማዳመጥ አለበት፣ ማዳመጥ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። 1024 ናሙና፣ ማለትም ተከታታይ የድምፅ ልኬት፣ ሲሰበስብ ወደ 23 ሚሊ ሴኮንድ ያልፋል። ለወፍራሙ ክር ይህ አይበቃውም፤ 2048 ሲሆን 46 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል። ብርሃኑን በዚህ ላይ ነበር ያሰርኩት። ቦንክ የሚባል ሌላ ሣጥን አለ። እሱ ድምፁ ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ መመታቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። 256 ናሙና፣ ማለትም 6 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ ይበቃዋል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ሲመታ ነጭ ብርሃን ወዲያው ይነሳል። ቀለሙ ትንሽ ቆይቶ ይፈስበታል። ዓይን ይህን ይወደዋል። ቀለም ሲዘገይ መዘግየት አይመስልም፤ ድምፁ እየሰፋ የሄደ ይመስላል።

ጋሼ አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ፕሮግራሙን በረበርኩት። ምንም የለም። በመጨረሻ ስልኬን አወጣሁ። በሰኮንድ 240 ምስል የሚቀርጸውን ስሎው ሞሽን ከፈትኩና እጃቸውንና ግድግዳውን በአንድ ላይ ቀረጽኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አንዱ ምስል 4 ሚሊ ሴኮንድ ትንሽ ያልፋል። ጣታቸው ክሩን ከለቀቀበት እስከ ብርሃኑ 38 ምስል ሆነ፤ ወደ 158 ሚሊ ሴኮንድ። ጥፋቱ የፓይዋ አልነበረም። የተዋስኩት ፕሮጀክተር በጎን በኩል ተቀምጦ ስለነበር የተንጋደደውን ምስል ራሱ ያቃና ነበር። ያ ማቃናት ጊዜ ይበላል። አጥፍቼው ፕሮጀክተሩን ፊት ለፊት አስቀመጥኩት፣ መዘግየት የሚቀንሰውን የፕሮጀክተሩን የጌም (የጨዋታ) ሁኔታም አበራሁ። 19 ምስል፣ 79 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ሆነ። የምስሉንም ጥራት ከ1080 ወደ 720 አወረድኩት፤ ፓይዋ በጥድፊያ ከምትንገዳገድ ትንሽ ምስል በሰዓቱ ታድርስልኝ ብዬ ነው። የሰማችሁትን 4ኬ የሚባል ነገር ለእንዲህ ዓይነት ሥራ እርሱት።

ጋሼ ተጫወቱ። ቀና አሉ። «አሁን ተገናኘን» አሉ።

ስለ ቅኝት ልጨምር፤ በጣም የምኮራበት እሱ ነው። ጋሼ ክራራቸውን የሚቃኙት በፒያኖ አይደለም፣ በድምፃቸው ነው። ዛሬ የተቃኘው ትዝታ ከትናንቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ዝግጁ ተደርገው የሚሸጡ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ድምፁን በግድ ወደ ፒያኖው ቁልፍ ይጎትቱታል። ሲግመንድ ግን በነጥብ የተከፋፈለ ቁጥር ይሰጣል፤ በሁለት ቁልፍ መሃል ያለውንም ይናገራል። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ጋሼ ክሮቹን አንድ በአንድ ይመታሉ፣ ማሽኗ ታጠናቸዋለች፣ እኔ ለያንዳንዱ ቀለም እሰጣለሁ። ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ሲዞሩ እንደገና ትማራለች። ቅኝቱ የሳቸው ሆኖ ይቀራል። ማሽን ለክራር መታዘዝ አለባት ብዬ አምናለሁ፤ ክራር ለማሽን ሲታዘዝ መስማት አልወድም።

ችግሮቿስ? ትልቁ ኃይል ነው። 5 ቮልትና 3 አምፔር ትፈልጋለች፣ በዚህ አትደራደርም። በቀጭን የስልክ ኬብል አሠራት ነበር። አንድ ምሽት ሰው ፊት ትዝታው መሃል ላይ ሳለን፣ ኃይል አንሷል የሚል ማስጠንቀቂያ ግድግዳው ጥግ ላይ ብቅ አለ። ወዲያው ምስሉ ተንቀረፈፈ። ፓይዋ ቮልቴጁ ወደ 4.63 ሲወርድባት ራሷን ታዘገያለች። አጭርና ወፍራም ኬብል ገዛሁ፤ ዳግም አልታየም።

ሁለተኛው መብራት መጥፋት ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ቁልፍ የላትም። በሥርዓት ሳትዘጋ ኃይል ሲቋረጥባት ሚሞሪ ካርዱ ላይ የምትጽፈው ነገር ሊበላሽ ይችላል። በሦስተኛው ወር መብራት ሄደና ካርዴ አልነሳም አለ። ከዚያ ወዲህ ካርዱን እንድታነብ ብቻ አድርጌያታለሁ፤ ሴቲንጓ ውስጥ ኦቨርሌይ የሚባል ምርጫ አለ። አሁን መብራት ቢሄድም ካርዱ አይነካም። ግን መዘዝ አለው። ምንም ስለማትጽፍ፣ ስትነሳ የተማረችውን ቅኝት ረስታው ነው። አንድ ቀን ጨለማ ሆነ። ጋሼ ግን አላቆሙም። ክራር መብራት አይጠይቅም። ሰዉ በጨለማ ዝም ብሎ አዳመጠ። መብራት ሲመጣ ፓይዋ ተነሳች፣ ቀለሞቹ ግን ተዘበራርቀው ነበር። አሁን ቅኝቱን ፍላሽ ላይ እንድታስቀምጥ አድርጌያለሁ።

ሙቀትም አለ። ወደ 80 ዲግሪ ስትጠጋ ፍጥነቷን ትቀንሳለች። ትንሽ ፋን ገጥሜ ነበር፤ በዝግታ የሚሄድ አምባሰል መሃል ፋኑ ተሰማ። አውጥቼ ጣልኩት። በምትኩ ወፍራም የአሉሚኒየም ሽፋን አለበስኳት። ስፒከሩ «እምምም» የሚላችሁ ከሆነ ደግሞ ፓይዋን አትውቀሱ፤ የ50 ኸርዙ የመብራት ድምፅ ነው። ፕሮጀክተሩንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት ስሰካ ቀነሰልኝ።

አዲሷ ራስቤሪ ፓይ 5 ማብሪያ ቁልፍ አላት፣ ትፈጥናለችም። ዛሬ የሚገዛ ሰው እሷን ቢያይ አልቃወምም። እኔን 4ኛዋ ላይ ያቆየኝ ያቺ ክብ ቀዳዳ ናት፤ 5ኛዋ የላትም። ቀዳዳዋ ድምፅ ብቻ አይደለም የምታወጣው፣ የድሮ ቴሌቪዥን የሚገባውን ምስልም ታወጣለች። እንድትሠራ ሴቲንግ ውስጥ መክፈት ያስፈልጋል። ስትከፈት ኤችዲኤምአይ የሚባለው የአዲሶቹ ስክሪኖች ማውጫ ይዘጋል። ኬብሉም ትክክለኛው ካልሆነ ምስል አይመጣም፤ ሁለት ገዝቼ በሦስተኛው ነው የተሳካልኝ።

ባለፈው ወር የእናቴን ከባድ ቴሌቪዥን ከዕቃ ቤት አወጣሁ። ሰካሁት፣ ቀረጽኩ፣ ቆጠርኩ። 10 ምስል። 42 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ማለት ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ምስሉን ይዞ አያቃናም፣ አያስውብም፤ እንደደረሰው ያበራዋል። ጋሼ ወንበራቸውን አዙረው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። እስካሁን ወደ ግድግዳው ቀና የሚሉት አልፎ አልፎ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ መስታወት ሳይነቅሉ ቆዩ። ቀለሙን እየጠበቁ ጣታቸውን ያዘገያሉ፣ ከዚያ ድንገት ይመታሉ። ሲጨርሱ «ሌላ እንዲህ ያለ አይገኝም?» ብለው ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ልሄድ ነው። እሳቸውም አብረውኝ ይሄዳሉ።