ድርብ የኤሌክትሪክ የጡት ማለቢያ ከሰባት ወር በኋላ፦ የነጠፈ ወተት ለመመለስ ምን ያህል ይረዳል?

ይህ ግምገማ ስለ አንድ ዓይነት ማለቢያ ነው፦ ሁለቱንም ጡት በአንድ ጊዜ የሚያልብ፣ በኤሌክትሪክም በሚሞላ ባትሪም የሚሠራ፣ ወተት ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የሚያግድ ዝግ አሠራር ያለው። ሥራ ላይ የዋለው ማጥባት ለሳምንታት ተቋርጦ ወተቱ ከነጠፈ በኋላ እንደገና ለመመለስ ነው። ከቤት ውጭ ስትውል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለምታልብ እናት የሚበቃ ማሽን በቀን ስምንትና አሥር ጊዜ ሲነሣ ሌላ ጠባይ ያወጣል። ፍርዱን ለማስቀደም፦ ሞተሩ ሰባቱን ወር ያለ እንከን ዘልቋል። ውጤቱን የወሰኑት ግን የአውራ ጣት የሚያካክሉ የሲሊኮን ክፍሎችና ጡት ላይ የሚደፋው ፍላንጅ ልክ ናቸው። የወተቱ መጠን በድንገት ሲቀንስ ጡትን ከመውቀስ በፊት ቫልቩን፣ ማለትም ወተቱን ወደ ጡጦው የሚያወርደውን ለስላሳ ክፍል፣ ማየት ይገባል።

ማሽኑ ለምን እንደሚሠራ ካልታወቀ በአራተኛው ቀን ተስፋ ያስቆርጣል። ጡት ወተት የሚሠራው በተወሰደለት ልክ ነው። የጡት ጫፍ ሲነካና ሲሳብ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይለቀቅና ወተት እንዲመረት ያዝዛል፤ ኦክሲቶሲን ደግሞ የተመረተውን ገፍቶ ያወርዳል። ጡት ውስጥ ታግቶ የቆየ ወተት በተቃራኒው ምርቱን ያቀዘቅዛል። ማጥባት ሲቋረጥ ይህ ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ግን ተመልሶ ይቀጠላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሽኑ ባዶ ጡት ሲስብ ቢውል ሥራውን እየሠራ ነው። ጡጦው ውስጥ ምንም አለመታየቱ ውድቀት አይደለም። ጠብታዎች በጥቂት ቀናት ሊታዩ ይችላሉ፣ ሳምንታትም ሊወስዱ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ የተቋረጠበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር መመለሱም ይረዝማል።

የሚፈለገው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማለብ ነው። ከነዚህ ቢያንስ አንዱ ሌሊት ይሁን፤ ፕሮላክቲን ሌሊት ላይ ከፍ ይላልና። በሁለት ማለብ መካከል ከአምስት ሰዓት በላይ ክፍተት ባይኖር ይመረጣል። በየሦስት ሰዓቱ በደወል መነሣት ግን ግዴታ አይደለም። ጠዋት ላይ በየሁለት ሰዓቱ ደራርቦ ከሰዓት በኋላ ሰፋ ማድረግ ይቻላል፤ የሚቆጠረው የቀኑ ድምር ነው። ድርብ ማለቢያ ለዚህ ዓላማ ከነጠላው የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። በነጠላ ማለቢያ አሥር ጊዜ ማለት በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ መቀመጥ ነውና ማንም አይዘልቀውም። ሁለቱ ጡቶች አብረው ሲታለቡ ደግሞ የሚወጣው ወተት ብዙውን ጊዜ ይበዛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኑ የሚሸነፈው በእጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወፍራምና የሚጣበቁ ስለሆኑ በፍላንጁ ግድግዳና በማገናኛው ውስጥ ተለጥፈው ይቀራሉ፤ ጡጦው ባዶ ይመስላል። የተሻለው ዘዴ ማሽኑን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አሠርቶ ቀሪውን በእጅ ወደ ንጹሕ ማንኪያ ወይም ኩባያ ማለብ ነው። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከታች ሆነው ከጡት ጫፍ ሦስት ወይም አራት ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቹን እርስ በርስ ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ። ጣቶቹ ቆዳው ላይ መንሸራተት የለባቸውም፤ የጡት ጫፉን ራሱን መጭመቅም ወተት አያወጣም፣ ያቆስላል እንጂ። ጠብታው ሲያቆም ጣቶቹን በዙሪያው ማዘዋወር ነው። ወተቱ በደንብ ከመጣ በኋላም ማሽኑ እየሠራ ጡትን በመዳፍ በቀስታ መጫንና በመጨረሻ በእጅ መጨረስ መጠኑን በግልጽ ይጨምራል። ከአምራቹ መመሪያ ወረቀት ላይ የጎደለው ትልቁ ነገር ይኸው ነው።

ማሽኑ ሁለት አሠራር አለው። የመጀመሪያው ፈጣንና ቀላል ስበት ነው፤ ሕፃን ጡት እንደያዘ ቶሎ ቶሎ የሚስበውን ይመስላል፤ በደቂቃ ወደ 120 ጊዜ ይጠጋል። ሁለተኛው ዘገምተኛና ጥልቅ ነው፤ ወተቱ መውረድ ከጀመረ በኋላ ይመጣል። በራሱ የሚቀየረው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው፤ ለነጠፈ ጡት ግን ሁለት ደቂቃ አይበቃም። ወተት መውረዱ እስኪታይ በፈጣኑ ላይ መቆየት፣ ሲቋረጥ በመሐል ወደ ፈጣኑ መመለስና ሁለተኛ መውረድ መጠበቅ ይሻላል። ቁልፉ በእጅ የማይቀየር ማለቢያ ለዚህ ሥራ አይመከርም።

የመምጠጥ ኃይሉን በተመለከተ፣ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቅ ቁጥር ብዙ ትርጉም የለውም። ኃይሉን እስከ መጨረሻ መጨመር ወተት ያበዛል የሚል ግምት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ሕመም ኦክሲቶሲንን ያፍናል፤ ወተቱ አለ፣ አይወርድም። ቀስ እያሉ ጨምሮ ደስ የማይል ስሜት ሲጀምር አንድ ደረጃ መመለስ፣ እዚያው መቆየት። ከሰባቱ ወር አብዛኛውን ጊዜ መሐለኛዎቹ ደረጃዎች በቂ ነበሩ።

ፍላንጁ ትልቁ ቅሬታ ነው። ማሽኑ 24 ሚሊ ሜትር ፍላንጅ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ይህ ለሁሉም አይሆንም። የሚለካው የጡት ጫፉ ስፋት ነው፣ ዙሪያውን ያለው ጥቁር ክፍል አይቆጠርም። ከማለብ በፊት ጫፉን ከሥሩ በሚሊ ሜትር ለክቶ በዚያው ልክ ወይም እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ጨምሮ መጀመር ይቻላል። ጡት ጫፉ ግድግዳውን እየፈተገ ከተንቀሳቀሰና ሲወጣ ነጣ ካለ ፍላንጁ ጠቧል። ጥቁሩ ክፍል በብዛት ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ካበጠ፣ ወይም ጫፉ ሥር የቀለበት ምልክት ከቀረ ሰፍቷል። በሰፊ ፍላንጅ ላይ ያለች እናት ማሽኑ ደካማ ነው ብላ ኃይሉን ትጨምራለች፤ እብጠቱ ይብሳል፣ ወተቱም ያንሳል። በሲሊኮን ማጥበቢያ ወደ 21 ወይም 19 መቀነስ ብዙ ጊዜ ነገሩን ይፈታል። ግራና ቀኝ የተለያየ ልክ ቢፈልጉ አያስገርምም። ልኩም በወራት ውስጥ ስለሚለወጥ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቫልቩ። የዳክዬ መንቆር የሚመስለው ለስላሳ ክፍል ማሽኑ ሲስብ ይዘጋል፣ ሲለቅ ተከፍቶ ወተቱን ወደ ጡጦው ያወርዳል። በቀን አሥር ጊዜ ሲሠራ የመንቆሩ ከንፈር ይላላል፤ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቆማል። ሞተሩ እንደ ድሮው ያጉረመርማል፣ ማያው ላይ ያለው ቁጥርም አይለወጥም፤ ጡት ላይ የሚደርሰው ኃይል ግን ይቀንሳል። መቀነሱ ቀስ በቀስ ስለሆነ እናት የምታየው ወተቷ ሲያንስ ነው፤ ብዙዎች እዚህ ደርሰው ያቆማሉ። ለዚህ አጠቃቀም ቫልቩን በየአንድ ወሩ፣ ቢቻል ከዚያም ቀድሞ መቀየር ያስፈልጋል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ቫልቩን ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት፤ ሳይጫን በከንፈሮቹ መካከል ብርሃን ካለፈ አልቆለታል። ፍላንጁን በመዳፍ ዘግቶ ማሽኑን ማስነሣትም ይቻላል፤ አዲስ ቫልቭ ያለበት ጎን መዳፉን አጥብቆ ይይዛል፣ ያረጀው ይለቃል። ሲታጠብ ብሩሽ ወይም ጣት ወደ መንቆሩ ማስገባት ሊቀድደው ይችላል። በውሃ ውስጥ በጣቶች ማሸት ይበቃል። ማሽኑ ሲገዛ ቢያንስ አራት መለዋወጫ ቫልቭ አብሮ ካልተገኘ ሌላ ሞዴል መምረጥ ይሻላል፤ የመለዋወጫ አቅርቦት ከሞተሩ ጥራት በላይ ይመዝናል።

ወተት እንዳይመለስ የሚያግደው ስስ የሲሊኮን ሽፋን ሦስት ወር ገደማ ቆየ። ጠርዙ ሲላላ ወይም ከታጠበ በኋላ እርጥብ ሆኖ ሲገጠም አንዱ ጎን ጭራሽ አይስብም። ቱቦዎቹ ውስጥ ጤዛ ከታየ ማሽኑን ፍላንጁ ተነቅሎ ሁለት ሦስት ደቂቃ ባዶውን ማሠራት ያደርቀዋል። ጥቁር ነጥብ ወይም ሻጋታ የታየበት ቱቦ ይጣላል፤ አይታጠብም።

ባትሪው እንደማንኛውም ባትሪ ደከመ፤ በመጨረሻዎቹ ወራት የሌሊቱ ማለብ በሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር የሚያልቀው። ድምፁ የተኛ ሕፃን አይቀሰቅስም።

ወተቱ በጠብታ መምጣት ከጀመረ በኋላ ይጠቅማል የሚባል አንድ ዘዴ አለ፦ በቀን አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት 20 ደቂቃ ማለብ፣ 10 ማረፍ፣ 10 ማለብ፣ 10 ማረፍ፣ 10 ማለብ። ሕፃናት በእድገት ግፊት ጊዜ ደጋግመው የሚጠቡትን ያስመስላል። ውጤቱ በዚያው ቀን አይታይም፤ ቀናት ይጠብቃል። የቀኑ ድምር አራት ብቻ ለሆነባት እናት ግን ይህን ከመጨመር በፊት ድምሩን ማሳደግ ይቀድማል።

ማሽን ከሕፃን አይበልጥም። ሕፃኑ ጡት ለመያዝ ፈቃደኛ ከሆነ በመጀመሪያ እሱ ይጥባ፣ ማለቡ ይከተል። ባዶ ጡት ላይ የሚያለቅስ ሕፃን የተጨማሪውን ወተት ጡት ጫፍ አጠገብ በተቀመጠ ቀጭን ቱቦ እየሳበ እንዲጠባ ማድረግ ይቻላል፤ እየበላ ጡቱንም ያነቃቃል። ካልሆነ በኩባያ መመገብ ጡጦን ከመላመድ ያድናል። ልብስ አውልቆ ደረት ላይ ማቀፍም ወተት እንዲወርድ ያግዛል።

የሕፃኑ ምግብ በተስፋ አይቀነስም። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ወደ 150 ሚሊ ሊትር ተይዞ ሙሉው ይሰጣል። የእናት ወተት መምጣት ሲጀምር ከቀኑ ጠቅላላ የዱቄት ወተት ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ይቀነስና ለጥቂት ቀናት ይጠበቃል። ሕፃኑ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ፈዘዝ ያለ ሽንት ከሸና፣ ክብደቱም ከጨመረ እንደገና ይቀነሳል። የክብደቱ ጭማሪ በወር ግማሽ ኪሎ ካልሞላ የተቀነሰው ይመለሳል፤ ጤና ባለሙያም ያየዋል። ዱቄቱን በውሃ ማቅጠን አደገኛ ነው፤ የሚቀነሰው መጠኑ እንጂ ውፍረቱ አይደለም።

ዕቃውን ማጠብ ከማለቡ ይልቅ ያደክማል። ወተት የነካው ሁሉ ከእያንዳንዱ ማለብ በኋላ ተፈታቶ ለዚሁ ብቻ በተለየ ሳህን ውስጥ በሙቅ ውሃና ሳሙና ይታጠባል፤ ሰሐን በሚታጠብበት ገንዳ ውስጥ ቀጥታ አይጣልም። ለትንንሽ ሕፃናት፣ በተለይ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ5 ደቂቃ ይቀቀላል፤ ከዚያ በንጹሕ ቦታ በአየር ይደርቃል። ሁለተኛ ሙሉ ጥንድ ክፍል መያዝ የሌሊቱን እጥበት ወደ ጠዋት ያሸጋግራል፤ ከተገዙት ተጨማሪዎች ሁሉ ያላስቆጨው እሱ ነው። የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ባለ ክፍል 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ 4 ቀን፣ በበረዶ ቤት 6 ወር ገደማ ይቆያል። ቀልጦ የነበረ ወተት ተመልሶ በረዶ አይደረግም።

ጡት ላይ ጠንካራ እብጠት ሲወጣ ደጋግሞ ማለብና አጥብቆ ማሸት ያባብሰዋል። በተለመደው መጠን መቀጠልና ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ ይሻላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት አብሮ ከመጣ ወይም እብጠቱ በአንድ ቀን ካልቀለለ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

በትክክል ለስድስት ሳምንት ታልቦ ምንም ካልተለወጠ መመርመር ያለበት ማሽኑ አይደለም። የታይሮይድ ችግር፣ የጡት ቀዶ ሕክምና፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ አፍንጫ ለመክፈት የሚዋጥ ፕሱዶኤፌድሪን፣ ሲጋራ፤ እነዚህ ሁሉ ወተት ይቀንሳሉ። ዶምፔሪዶንና ሜቶክሎፕራማይድ ፕሮላክቲንን ከፍ ያደርጋሉ። ይሁንና የመጀመሪያው የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ሁለተኛው ድብርት ሊያመጣ ይችላል፤ ያለ ሐኪም አይጀመሩም፤ ደጋግሞ ማለብንም አይተኩም። ሙሉ መጠን ያልተመለሰላት እናትም የምታገኘው ግማሽ ወይም ሩብ ለሕፃኑ ዋጋ አለው።

ጡት መያዣ ውስጥ የሚቀመጡት ገመድ አልባ ማለቢያዎች ምቹ ናቸው፤ ወተት በደንብ ከተመለሰ በኋላ ለጉዞ ያገለግላሉ። የነጠፈ ወተት ለመመለስ ግን እነሱን ብቻ መያዝ አይመከርም፤ የጡት ጫፉ በትክክል መቀመጡ አይታይም፣ እየታለበ በእጅ መጫንም ያስቸግራል።

ለአንድ ሰው የተሠራ ማለቢያ ከሌላ እናት አይወረስም፣ ወደ ሌላም አይተላለፍም፤ ፍላንጁና ቱቦው ቢቀየርም። በኪራይ የሚሰጡት የሆስፒታል ዓይነቶች ለብዙ ሰው ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ የራስን ክፍል ይዞ መጠቀም ይቻላል። ለመጀመሪያው ወር እንዲህ ያለ ኪራይ ከተገኘ፣ ይህን ማሽን ከሁለተኛው ወር ጀምሮ መግዛት ይበቃል። ማለቡን ማቆም ሲፈለግ በየሦስት ወይም አምስት ቀኑ አንድ ጊዜ መቀነስ ነው፤ የሌሊቱን ከሁሉም መጨረሻ።