በሸራ ጀልባ ወደ ደቡብ፦ በውስጥ ወይስ በውጭ?

በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ጀልባቸውን ቤት ያደረጉ ሰዎች ብርዱ ሲመጣ ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከኖርፎክ ሲነሱ መንገዱ ሁለት ነው፤ የውስጡ ወይም ክፍቱ ውቅያኖስ።

የውስጡ መንገድ ወንዞችን፣ የባሕር ሰርጦችንና በሰው እጅ የተቆፈሩ ቦዮችን ያገጣጠመ ነው። እስከ ማያሚ 1,095 ማይል ገደማ ይሆናል። ማታ መልህቅ ጥሎ፣ ራት በልቶ ለጥ ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ ስሙ የሸራ ጀልባ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚገፋው ሞተሩ ነው። ቋሚ ድልድዮቹ ባብዛኛው የ65 ጫማ ከፍታ አላቸው፤ ምሰሶው ከዚያ የሚረዝም ሰው ባያስበው ይሻላል። ድልድዩ እግር ላይ ከውሃው እስከ ድልድዩ ሆድ ስንት ጫማ እንደቀረ የሚያሳይ ባለ ቁጥር ሰሌዳ አለ። 64 ካለ፣ አናት ላይ ያለችው አንቴና ድልድዩን እየቧጨረች ልታልፍ ትችላለች። ጆርጂያ ላይ ደግሞ ጣጣው ከታች ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ልዩነቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ሲጎድል የደረሰ ጭቃ ላይ ቁጭ ይላል። ያኔ ቡና ማፍላት ነው!

ውቅያኖሱ ሌት ተቀን ስለሚያስኬድ ይፈጥናል፤ እንቅልፍ ግን በተራ ነው። ሰሜን ካሮላይና ላይ ወደ ባሕሩ ሾልኮ በወጣው የምድር ጫፍ፣ ኬፕ ሃተራስ ላይ፣ ቀልድ የለም። ገልፍ ስትሪም የሚባለው ሞቃት የባሕር ጅረት ወደ ሰሜን ይፈስሳል፤ የሰሜን ነፋስ ሲገጥመው ማዕበሉ ግድግዳ ይሆናል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሃተራስን በውስጥ አልፎ፣ ከቦፎርት፣ ሰሜን ካሮላይና በኋላ አየሩ ሲመች ብቻ ወደ ውጭ መውጣት ነው።